የሙግት ወንበር

ሬዲዮ ማስታወቂያውን ኮሪደሩ ግድግዳ ላይ ሲለጥፍ አራተኛውን ማዕዘን ሳያጣብቅ ወሬ ጀምሮ ነበር።

«ኑ እዩ እንጂ! ‹የተቀናጀ ሕክምና ምርምርና የገንዘብ ድጋፍ፤ በቅርቡ የሚካሄዱ የኢንተርኔት ስብሰባዎች›። የመጀመሪያው ስለ አዲሱ የምርምር ገንዘብ ማብራሪያ። ሁለተኛው ጥናት እንዴት ይነደፋል የሚል። ሦስተኛው ትንንሽ ክሊኒኮች ሥራቸውን የሚያቀርቡበት። ሦስተኛው ላይ ማን አለ? እኛ!»

«ሰፈሩ ሰምቷል፤ አሁን ማጣበቂያውን ጨርስ» አለችው ሚስቱ በአጠገቡ ስታልፍ።

ሬዲዮ የወጣለት ስም ነው። የክሊኒኩ የምርምር ክፍል አስተባባሪ ሲሆን፣ ባልደረቦቹ ስሙን ያወጡለት ጠዋት በር ላይ የተከፈተ አፉ ማታ በር ላይ ካልሆነ አይዘጋም ብለው ነው። እሱም አልተቀየመም። «ዝም ያለ ሬዲዮ ማን ይገዛል?» ይላል።

ሚስቱ እዚያው ክሊኒክ ፊዚዮቴራፒስት ናት። በኮሪደሩ መጨረሻ፣ ድሮ የተሰበረ አልጋና የማይሠራ ሚዛን ይከማችበት በነበረ ክፍል ውስጥ፣ ወገባቸውን ወይም አንገታቸውን ለዓመታት ያመማቸውን ሰዎች ትቀበላለች። ሐኪም ያዘዘላቸውን መድኃኒት ሳያቋርጡ፣ ቀስ ብሎ መተንፈስን፣ የተቋጠረ ጡንቻን ማላላትን፣ ሕመሙን ሳይፈሩ መንቀሳቀስን ታስተምራቸዋለች። እያንዳንዱን ልምምድ ስትጨርስ «በሉ እንግዲህ፣ እፎይ በሉ» ስለምትል ታካሚዎቹ እፎይ አሏት። ነርሶቹም ተከተሉ። በመጨረሻ የገዛ እናቷ እንኳ ስልክ ደውላ «እፎይ አለች?» ማለት ጀመረች።

የክፍሉ ነገር ግን ያሰጋ ነበር። የክሊኒኩ ሥራ አስኪያጅ ክፉ ሰው አይደለም፤ ላቦራቶሪው ጠቦታል፤ ሌላ ቦታ የለውም። «ለጥናታችሁ ድጋፍ ካገኛችሁ ክፍሉ የናንተ ነው፤ ካላገኛችሁ በዓመቱ መጨረሻ ለላቦራቶሪው ነው» ብሎ ቁርጡን ነግሯቸዋል። ስለዚህ ማስታወቂያው ላይ ያለችው ሦስተኛዋ መስመር ለሌላው ስብሰባ ትሁን እንጂ ለእፎይ ክፍሏ ነበረች።

የጥናቱ መሪ የእፎይ ታላቅ እህት ናት፤ በክሊኒኩ ሥር የሰደደ ሕመም የምታክም ሐኪም። እሷም ከቅጽል ስም አላመለጠችም፤ እስቲ ይሏታል። «በሽተኛው ተሻለው» ሲሏት «እስቲ»፤ «አዲሱ መድኃኒት ተአምር ነው» ሲሏት «እስቲ»። ሬዲዮ እህቷን እንደሚወዳት የነገራት ቀን እንኳ ሻይዋን እያማሰለች «እስቲ» ብላው ነበር። «ቀድሞ ማመስገን ለሐሜት ያስቸግራል» የሚለው ተረት ከአፏ አይጠፋም። ሬዲዮ እትዬ ይላታል፤ ይፈራታልም። ግን ሁለቱ እህትማማቾች ሲሠሩ ማየት ለእሱ በብርድ ቀን ምድጃ አጠገብ እንደ መቀመጥ ነው፤ ቢለበልብም አይነሱም።

በምርምር ክፍሉ ውስጥ አንድ እግሩ ያጠረ የእንጨት ወንበር አለ። እሱ የሙግት ወንበር ነው። ማንም ሥራውን ውጭ ከማቅረቡ በፊት አንድ ሰው እዚያ ላይ ይቀመጥና ሥራውን ይሞግታል፤ የሚቀመጠው ወዳጅ ይሁን ጠላት፣ ማመስገን ክልክል ነው። የተሞገተውም ዝም ብሎ መልስ መስጠት አይችልም። መጀመሪያ የተባለውን በራሱ አፍ ይደግማል፤ ወንበሩ ላይ ያለው «አዎ፣ ያልኩት ይሄንኑ ነው» ካላለ መልስ የለም። ሥርዓቱን ያመጣችው ሐኪሟ ናት፤ አንድ ጊዜም ቀምሳዋለች። አንዲት ነርስ ወንበሩ ላይ ተቀምጣ አንድ ስህተት ብታሳያት፣ ሐኪሟ የነርሷን ቃል ደገመች፣ «አዎ» ተባለች፣ ብዙ የለፋችበትን ወረቀት አጣጥፋ ቅርጫት ውስጥ ከተተችው፤ ከዚያ «ምሳ እንብላ?» አለች። ሬዲዮ ያን ቀን ለሚስቱ «ሰው እንዲህ ይሸነፋል?» ብሎ ሲደነቅ አመሸ።

ከስብሰባው በፊት በነበረው ቀን ከሰዓት በኋላ የእፎይ ተራ ደረሰ። ሐኪሟ ለሥራ ሌላ ሆስፒታል ሄዳ ስለነበር በስልኳ ገባች። «ወንበሬ ባዶውን እንዳይቀመጥ» ስላለችም ሬዲዮ ላፕቶፑን ወንበሩ ላይ አስቀመጠው። ወንበሩ በተነቃነቀ ቁጥር የሐኪሟ ፊት ጀልባ ላይ እንዳለ ሰው ይወዛወዛል።

«ዋርሳዬ፣ እኔን ነው የምታዞረኝ ወይስ ምድርን?» አለች ከስክሪኑ ውስጥ።

«እትዬ፣ ወንበሩ ነው። እርስዎ ነዎት አይጠገን ያሉት።»

«አዎ፣ የተመቸው ሰው አይሞግትም። ቀጥሉ።»

ልምምዱን የሚያደርጉት ነገ በሚናገሩበት በዚያው የኢንተርኔት ክፍል ውስጥ ነበር። ይሄም የሐኪሟ ሕግ ነው፤ መዋኘት አልጋ ላይ አይለመድም ትላለች። አዘጋጁ ድርጅት ሊንኩን ቀድሞ ልኮ፣ እንግዳ የማስገባቱን ሥልጣን ለአቅራቢዎቹ አስተባባሪዎች ሰጥቷል። የሐኪሟ ኔትወርክ ግን ይመጣል፣ ይሄዳል። በወጣች ቁጥር ሬዲዮ ከመጠበቂያው እየተቀበለ ያስገባታል፤ ደግማ ትወጣለች።

«አንተ ሰውዬ፣ በሩን ክፈተው በቃ! ሌባ ይገባል ብለህ ነው?»

ከፈተው። ማንም ሳይጠይቅ እንዲገባ አደረገው። ብዙም ሳይቆይ በስክሪኑ ጥግ «እንግዳ» የሚል ጽሑፍ ያለበት ጥቁር ሳጥን ብቅ ሲል፣ ኔትወርክ ሲቆራረጥ የቀረ የሐኪሟ ጥላ ነው ብሎ አለፈው።

እፎይ አቀረበች። ጥሩ አድርጋ አቀረበች። በትንፋሽ ክፍሉ የተሳተፉት ሰዎች መድኃኒት ብቻ ከወሰዱት ይልቅ እንቅልፋቸው እንደተመለሰ፣ ርቀው እንደሚራመዱ፣ ልብሳቸውን ራሳቸው መልበስ እንደጀመሩ በሥዕላዊ መግለጫ አሳየች። ሬዲዮ ማጨብጨብ ፈልጎ እጁን ጭኑ ሥር ደበቀ።

«ጨረስሽ?» አለች ወንበሩ ላይ ያለችው ፊት።

«ጨረስኩ።»

«አንቺ ጋር የሚመጡት ሰዎች ስንት ጊዜ ነው የሚያገኙሽ?»

«በየሳምንቱ፤ አንዳንዴ ደጋግመው።»

«የልጅ ልጃቸው ፈተና እንዴት እንደሆነ ትጠይቂያቸዋለሽ?»

«እጠይቃለሁ። ምን ችግር አለው?»

«መድኃኒት ብቻ የሚወስዱትንስ ማን ይጠይቃቸዋል?»

እፎይ ወደ ሥዕላዊ መግለጫው ዞራ አየች። «ማንም። ተራቸው ሲደርስ መድኃኒታቸውን ይዘው ይሄዳሉ።»

«ታዲያ የተሻላቸው በትንፋሹ ነው ወይስ በአንቺ ደግነት? አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ስላዳመጣቸውስ ቢሆን? አንቺ ሜዳ ላይ ወስደሽ ድንጋይ ብታስለቅሚያቸውስ አይሻላቸውም ነበር?»

የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ሬዲዮን ወጋችው። ድንጋይ! ይሄን ሁሉ ዓመት! ሚስቱን አያት። አንገቷ ቀልቷል። ግን አልተነሳችም። እጆቿን ጠረጴዛው ላይ አድርጋ፣ ታካሚዎቿን እንደምታስተምረው አንድ ጊዜ በአፍንጫዋ ሳበች፣ በቀስታ ለቀቀች።

«እንዲህ እያልሽኝ ነው» አለች። «ሰዎቹ የተሻላቸው እኔ ባስተማርኳቸው ነገር ላይሆን ይችላል። ጊዜ የሚሰጣቸውና የሚያዳምጣቸው ሰው ስላገኙ ሊሆን ይችላል። ጥናታችን ደግሞ ሁለቱን አይለይም።»

«አዎ» አለች ሐኪሟ፤ ድምፅዋ ወረደ። «ያልኩት ይሄንኑ ነው።»

«መልስ የለኝም።»

«እኔም የለኝም። የጥናቱ መሪ ደግሞ እኔ ነኝ። እስከዛሬ እንዴት...» አለችና ኔትወርኩ ወሰዳት።

እፎይ ተነስታ ወደሚጠብቋት ታካሚዎች ሄደች። ሬዲዮ ላፕቶፑን ሊዘጋ ሲጎነበስ ጥቁሩ ሳጥን አሁንም እዚያው ነው። ወዲያው ከሥሩ መልእክት ወጣ፦ «ድምፄን ልሞክር ብዬ ገብቼ ነበር። መካከል ላይ መናገር አሳፈረኝና ዝም አልኩ። ይቅርታ። ነገ እንገናኝ።» ከመልእክቱ ግርጌ ስምና ኃላፊነት ነበረ። የድርጅቱ የምርምር ኃላፊ ናት፤ ነገ ስብሰባውን የምትመራው፣ ማን ይደገፍ ማን ይቅር በሚለው ላይ ቃል ያላት ሴትዮ።

ሳጥኑ ጠፋ። ሬዲዮ ወንበሩ ላይ ሊቀመጥ ብሎ፣ የትኛው ወንበር እንደሆነ ትዝ ሲለው ቆሞ ቀረ። የቤት ገመናቸውን በገዛ እጁ አደባባይ አውጥቶታል።

ወደ ቤት ሲሄዱ አውቶቡሱ ውስጥ አንድ ቃል አልወጣውም። እፎይ ግንባሩን በእጇ ጀርባ ነካችው።

«አመመህ እንዴ?»

«አይ።»

«ትኩሳት የለህም። ታዲያ ለምን ዝም አልክ? ሰው እያየን ነው፤ የተጣላን ይመስላቸዋል።»

ወጥ ቤት ገብታ ድንች መላጥ ስትጀምር አላስችል አለው። ሁሉንም ነገራት፤ የተከፈተውን በር፣ ጥቁሩን ሳጥን፣ መልእክቱን። ቢላዋው ቆመ።

«ድንጋዩንም ሰምታለች?»

«ድንጋዩንም።»

እፎይ የተላጠውን ድንች ውኃ ውስጥ ጨመረችው። ሬዲዮ መንገድ ላይ ያሰበውን በአንድ ትንፋሽ ዘረገፈው። «ስሚኝ፣ መላ አለው። ምናልባት ግማሹን ብቻ ነው የሰማችው። ነገ አቀራረብሽን አንለውጠውም። መጨረሻ ላይ ‹ጥናቱ አንዳንድ ውሱንነቶች አሉት› የምትል መስመር አለች አይደል? እሷን ትንሽ ዘርጋ እናደርጋታለን፣ በቃ። ሌሎቹስ ቢሆኑ ቀዳዳቸውን አደባባይ ያወጣሉ እንዴ? ክፍልሽ እኮ ነው የሚሄደው!»

«ክፍሌ መሆኑን አጣሁት?»

«ታዲያ?»

«ከሰማችው ያነሰ አንናገርም» አለች። «ባትሰማም ኖሮ እኮ ነገሩ ያው ነው። እኔ ሰምቻለሁ።»

ስልኳን አንስታ ለእህቷ ደወለች፤ ድምፁንም ለሬዲዮ እንዲሰማ ከፈተችው። ሐኪሟ እስከ መጨረሻው አዳመጠች።

«በሩን ክፈተው ያልኩት እኔ ነኝ» አለች። «ዋርሳዬን እንዳትቆጪው። ድንጋይ ያልኩትም እኔ ነኝ። እሱስ ወንበሩም አይፈቅደውም፤ ክፉ ቃል ነው። ይቅር በይኝ።»

«ድንጋዩን ተይው። ጥያቄሽ ልክ ነው። መልሱን ፈልጊልኝ።»

«መልስ የለውም አልኩሽ እኮ። አንዴ ያለቀ ጥናት...»

«ያለቀውን አይደለም። ቀጥሎ የምንሠራውን ነው የምልሽ። ሦስተኛ ቡድን ቢኖረንስ? እኔ ጋር የሚቀመጡትን ያህል ከሰው ጋር የሚቀመጡ። የሚጠየቁ፣ የሚደመጡ፣ የሚሳቅላቸው፤ ግን ትንፋሽም ልምምድም የማይማሩ።»

«እስቲ» አለች ሐኪሟ። ይሄኛው እስቲ ግን እንደወትሮው አልነበረም፤ ወንበሯን ወደ ጠረጴዛ የሚስብ ሰው እስቲ ነበር። «ያ ሰው እንዳንቺ ደግ መሆን አለበት፤ ካልሆነ ውድድሩ ፍርደ ገምድል ነው። ሰው የሚወድ። ወሬ የማይሰለቸው። ስለ ሕክምናው ደግሞ ምንም የማያስተምር፣ ቢፈልግም የማይችል።»

እፎይ ቀና አለች። ስልኩም ዝም አለ። ሬዲዮ ከሚስቱ ወደ ስልኩ፣ ከስልኩ ወደ ሚስቱ አየ።

«ምንድን ነው? ለምን ዝም አላችሁ?»

በማግስቱ ጠዋት የስብሰባው ስክሪን በትንንሽ ፊቶች ተሞላ። ከእነሱ በፊት ያቀረበው ሰው ያማረ ፊልም ነበረው፤ ሙዚቃ አለው፣ የሚስቁ ታካሚዎች አሉት፣ ሁሉም ድነዋል። ሥራው ውሸት ነው ለማለት ሬዲዮ ማስረጃ የለውም። ነገር ግን አንድ ሰው ወንበራቸው ላይ ለአፍታ ተቀምጦ ቢሞግተው ብሎ መመኘቱን አልተወም።

እፎይ ተራዋ ሲደርስ ውጤቷን አሳየች፤ ከዚያ የመጨረሻዋን ስላይድ ሳይሆን አዲስ ስላይድ ከፈተች። ጽሑፉ አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር፦ የተሻላቸው በትንፋሹ ነው ወይስ በመደመጣቸው?

«ይሄን የጠየቀችኝ የጥናቱ መሪ ናት፤ እህቴም ናት» አለች። «መልስ የለኝም። ያሳየኋችሁ ውጤት ሁለቱን አይለይም። ለታካሚዎቼ የትኛውም ቢሆን መልካም ነው፤ ግን ሌላ ቦታ ሌላ ሰው ክፍሉን ልክፈት ቢል ምን ይዞ ይሂድ? ልምምዱን ነው ወይስ ጊዜውን? ይሄን ሳናውቅ ሌላውን ኑ እንደኛ ሥሩ ማለት አንችልም። ለማወቅ ይሄን እናድርግ ብለናል» ብላ ሦስተኛውን ቡድንና የሚያወራቸው ሰው ባሏ መሆኑን አስረዳች። «ክፍሌ» ስትል ብቻ አንድ ጊዜ በአፍንጫዋ ሳበች፣ በቀስታ ለቀቀች።

ሬዲዮ ከካሜራው ጀርባ ቆሞ ነበር። እስከዚያች ሰዓት ድረስ የትንፋሽ ትምህርት ሲባል እስትንፋስን መግዛት ይመስለው ነበር። አሁን ግን ሚስቱ ስትተነፍስ ሲያይ፣ ትምህርቱ ፍርሃት እያለ ሳይሸሹ መቀመጥ መሆኑ ገባው።

ስብሰባውን የምትመራው ሴትዮ መነጽሯን አውልቃ ጠረገች። «ትናንት በስህተት እናንተ ዘንድ ገብቼ እንደነበር ሳትሰሙ አልቀራችሁም። ያን ጥያቄ ዛሬ እኔ ልጠይቃችሁ አስቤ ነበር። ቀደማችሁኝ። ሁለተኛ ጥያቄ አለኝ። የሚያወራላቸው ሰው ሚስቱ እንድታሸንፍለት ቢፈልግስ? ባልሽ ነው አልሽ አይደል?»

አንዳንዱ ሳቀ። እፎይ ግን አልቸኮለችም። «እያሉኝ ያለው ይሄ ነው፦ የሚያወራው ሰው ለኔ ሲል ሰንፎ ቢያወራ፣ ውጤቱ የውሸት ይሆናል።»

«አዎ፣ ያልኩት ይሄንኑ ነው» አለች ሴትዮዋ፤ ትናንት የሰማችው ሥርዓት ከአፏ ሲወጣ ራሷንም ፈገግ አሰኛት።

«ለሱ ወንበር አለን» አለች እፎይ። «እሱም ላይ የምትቀመጥ እህት አለችኝ።»

ሴትዮዋ ቃል አልገባችም። ለትልቁ የምርምር ድጋፍ ይህ ሥራ ገና መሆኑን በግልጽ ነገረቻቸው፤ ለጅምር ጥናቶች ያለውን አነስተኛውን ግን እንዲሞክሩ መከረቻቸው። ሞከሩ፤ ተፈቀደላቸው። ሥራ አስኪያጁም ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አንብቦ «እንግዲህ ላቦራቶሪው እስከዚያ ይጥበበው» አለ። ጥናቱ እስኪያልቅ ክፍሉ ተረፈ። ከዚያ በኋላ የሚሆነው ግን በውጤቱ ነው፤ ትንፋሹ ከወሬ ካልበለጠ፣ እፎይ ራሷ ክፍሉን ለላቦራቶሪው እንደምትሰጥ ማመልከቻው ላይ ጽፋለች። ሬዲዮ ያን ሲያነብ «ይሄን ማን ጻፈው?» አለ፤ ማን እንደጻፈው እያወቀ።

ሥራው የተጀመረ ቀን ሐኪሟ ከትንፋሽ ክፍሉ ጎን ባለችው ጠባብ ቢሮ በር ላይ ቆመች። ውስጥ ሁለት ወንበሮችና አንድ የውኃ ማሰሮ አሉ። ከወንበሮቹ አንዱ እግሩ አጭር ነው።

«እዚህ ላይ የምትቀመጠው አንተ ነህ» አለችው። «እየወዘወዘ የምልህን እንዳያስረሳህ። ዋርሳዬ፣ እህቴን እንደምትወዳት አምኜልሃለሁ፤ ዘግይቼም ቢሆን። ግን እዚህ ውስጥ ለእሷ ብለህ ከሰነፍክ፣ ክፍሏን በገዛ እጅህ ዘጋኸው ማለት ነው። በውሸት የቆመ ነገር ማን ይደገፍበታል?»

ሬዲዮ ሊመልስ አፉን ከፈተ፤ ሥርዓቱ ትዝ አለው። «እትዬ፣ እያሉኝ ያለው ይሄ ነው፦ ከልቤ ላሸንፋት መሞከር አለብኝ።»

«አዎ» አለች፤ ትከሻውንም ነካ አደረገችው። ከዚያ በፊት ነክታው አታውቅም። «ያልኩት ይሄንኑ ነው።»

ታካሚዎች በቡድን የሚከፈሉት በዕጣ ነው፤ ለሬዲዮ የደረሰው የመጀመሪያው ሰው አንገቱን የሚያመው ሰዓት ጠጋኝ ነበር፤ በጎልማሳነትና በእርጅና መካከል ያለ፣ ቃል የሚቆጥብ ሰው።

«የኔ ዕጣ ምን ሆነ?» አለ ሲቀመጥ።

«ወሬ ነው፣ ጋሼ።»

«ወሬ ብቻ?»

«ወሬ ብቻ።»

ሰውዬው አንገቱን እንደያዘ ወደ ግድግዳው ዞረ። «በል አውራ» አለና ዝም አለ። ሬዲዮ ስለ አየሩ ጠየቀው፤ «ደህና ነው» አለ። ስለ ልጆቹ ጠየቀው፤ «አሉ» አለ። ከግድግዳው ወዲያ የሚስቱ ድምፅ ይሰማል፦ «ቀስ ብላችሁ... አትቸኩሉ... እፎይ በሉ።» ሬዲዮ እዚህ ላይ ቢተወው ማንም አይወቅሰውም። ሰውዬው አላወራ ብሎ ነው ቢል ያምኑታል። ዝምታው እየረዘመ ሄደ፤ በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ ዝምታ ጣፈጠው።

ወንበሩ ግን ተነቃነቀ።

ሬዲዮ ወደ ፊት ጠጋ አለ። «ጋሼ፣ እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ሰው ሰዓት ሊያሠራ ሲመጣ፣ ሰዓቱ ምን ሆነ ብሎ ነው የሚያወራው ወይስ ስለ ራሱ?»

ሰዓት ጠጋኙ ከግድግዳው ቀስ ብሎ ዞረ። እጁን ከአንገቱ ላይ አወረደ።

«እሱማ» አለ፤ ከንፈሩ ጥግ ላይ ሳቅ መጣ፤ «እሱማ ብዙ ነው። አንዲት ሴትዮ ነበረች፣ የባሏን ሰዓት ይዛ የመጣች...»

ሬዲዮ ከአንገቱ የወረደውን እጅ አየ፤ ወሬው ትንፋሹን ሊያሸንፍ ነው። ከግድግዳው ወዲያ ሚስቱ ደግማ «እፎይ በሉ» አለች። እሷ እንድትበልጠው በሙሉ ልቡ ተመኘ፤ ከዚያም ወንበሩን ይበልጥ ጠጋ አድርጎ፣ በሙሉ ልቡ «እሺ፣ ከዚያስ?» አለ።